ከበሩ ፊት ያለው ዕቃ

ክሊኒኩ አዲስ በር ያስተከለው ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት እናትና ልጅ እንደ ወትሯቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲደርሱ፣ የድሮው የብረት በር ከነዝገቱ ተነቅሎ በቦታው ከላይ እስከ ታች ወለል ያለ መስታወት ቆሟል። ከመስታወቱ በላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጥቁር ዓይን ተለጥፋለች።

ዘበኛው ግን አልተነቀለም። ከበሩ አጠገብ ወንበር ተሰጥቶት እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ዛሬም አልሞቱም?» አለ።

«አንተን ሳልቀብር?» አለች እናት።

የሁለቱ ሰላምታ ይኸው ነበር። የእናት ኩላሊቶች እምቢ ካሉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደሟን በመሣሪያ ልታሳጥብ ትመጣለች፤ በመጣች ቁጥር አንዱ ይወጋል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ ዘበኛው ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ይከፍታል።

«ዛሬስ ቁልፉ?»

«ቁልፍ ድሮ ቀረ። እኔ ራሴ የምገባው እሷ ስትፈቅድልኝ ነው» አለና በአገጩ ወደ ጥቁሯ ዓይን አመለከተ። «ፊት ታያለች። ሰው ከሆኑ ትከፍታለች።»

ልጅቷ ቀደመች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቅጥነቷን እያዩ ጭራሮ ይሏታል፤ ሥራ ቦታዋም ሳይቀር የምትጠራው በዚሁ ነው። በሩ ጭራሮን አየ። መስታወቱ ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ተከፈለና ከግድግዳው ውስጥ አንዲት ሴት «እንኳን ደህና መጡ» አለች፤ ገና ከእንቅልፏ በደንብ ያልነቃች በሚመስል ለስላሳ ድምፅ። ጭራሮ ገባች። ዞር ስትል እናቷ ከመስታወቱ ወዲያ ቀርታለች።

እናት አንድ እርምጃ ተጠጋች። በሩ ዝም አለ። ሻሿን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ ጥቁሯን ዓይን ሽቅብ አየቻት።

«ከበሩ ፊት ዕቃ አለ» አለች የግድግዳዋ ድምፅ። «እባክዎ ያንሱልን።»

እናት ዞር ብላ ከኋላዋ ፈለገች። ምንም የለም። ምናልባት ቦርሳዬ ይሆናል ብላ ቦርሳዋን ለዘበኛው አቀበለችው።

«ከበሩ ፊት ዕቃ አለ። እባክዎ ያንሱልን።»

«የምን ዕቃ ነው የምትለው ይቺ?»

ዘበኛው ሳቁን መያዝ አቃተው። «እትዬ፣ እርስዎን ሳትሆን አትቀርም።»

«ነፍሱን ይማረውና ባሌም ሲሰክር እንዲሁ ይለኝ ነበር» አለች እናት፤ እሷም ሳቀች።

ጭራሮ አልሳቀችም። ተመልሳ ወጣችና እናቷን ከኋላዋ አስጠግታ እንደገና ቀረበች። እናት፣ ገበያ መሀል እንዳትጠፋ የፈራች ሕፃን ይመስል፣ የልጇን ቀሚስ ከወገቧ ላይ ጨብጣ ተከተለቻት። በሩ ተከፈተ። «እንኳን ደህና መጡ።» ከመስታወቱ ጎን ያለችው ትንሽ ሰሌዳ በርታ ጻፈች፦ አንድ ሰው።

ውስጥ የባሰ ነበር። ከየአልጋው ራስጌ የበሩ ዓይን እህት የሆነች ጥቁር ዓይን ተሰክታለች። ነርሷ መርፌውን ሰክታ ደሙ በቱቦው መዞር ከጀመረ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላው መሣሪያው ጸጥ አለ። ፊቱ ላይ «አልጋው ባዶ ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ነርሷ ጽሑፉን አየች፣ እናትን አየች፣ መልሳ ጽሑፉን አየች። «እማማ፣ እዚህ ነዎት አይደል?»

«አንቺ ካልሽ አለሁ» አለች እናት።

ነርሷ ቱቦውን ልታይ አንገቷን በአልጋው ላይ ስታሰግግ መሣሪያው ማጉረምረም ጀመረ። ቀና ስትል ቆመ። ጎንበስ አለች፤ ሠራ። ጭራሮ ነገሩ ገብቷት በነርሷ ቦታ የራሷን ፊት አስጠጋች፤ መሣሪያው ግን «ይህ ሰው ሕመምተኛ አይደለም» ብሎ ይባስ ተቆለፈ። የሚያምነው በሠራተኛነት የሚያውቀውን የነርሷን ፊት ብቻ ነው። እሷም ጉንጯን ከእናት ጉንጭ ጋር አጋጥማ፣ የሚያለቅስ ሕፃን የምታባብል ይመስል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጎንበስ እንዳለች ቆየች። እጥበቱ የሚፈልገው አራት ሰዓት ነው። ሌሎች አሥራ አንድ ሕመምተኞች ደግሞ ይጠብቋታል።

«አጥፊዋ በቃ» አለች ጭራሮ ጥቁሯን ዓይን እያሳየቻት።

«እሷ ከጠፋች መሣሪያውም አብሯት ይጠፋል።»

ረቡዕም እንዲሁ። ዓርብም እንዲሁ። ሐኪሙ ስልክ ደወለ፣ ደብዳቤ ጻፈ፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ ይታያል የሚል መልስ መጣለት። የባሰው ግን ዓርብ ዕለት ነርሷ በዝግታ ለሁለቱ የነገረቻቸው ነው። በዝርዝሩ ላይ እናት ሦስቱንም ቀን «አልመጣችም» ተብላ ተመዝግባለች። ሰባት ጊዜ የቀረ ሰው አልጋው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛ ይሰጣል። ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው ቢሆን ኖሮ ይለመን ነበር። ሌላው ክሊኒክ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

«ቆይ፣ እኔ ስመጣ የሚያየኝ ሰው ጠፍቶ ነው?» አለች እናት። በጣቷ ቁርጭምጭሚቷን ጫን አድርጋ ለቀቀች። የጣቷ ጉድጓድ ሳይሞላ ቆየ።

ጭራሮ ያን ጉድጓድ ላለማየት ፊቷን ወደ መሣሪያው አዞረች። በጎኑ፣ ከመሰኪያው በላይ፣ ትንሽ ምልክት ተለጥፏል፤ መሀሉ ላይ ነጥብ ያለበት ክብ። እጇ ሳታዘው ወደ አንገቷ ሄደ። ከአንገቷ የተንጠለጠለው የሥራ መታወቂያ ላይ ያለውም ምልክት ያው ነበር።

*

ጭራሮ የምትሠራው አርባ ሰው ከአርባ ስክሪን ጋር ተፋጦ በሚውልበት አዳራሽ፣ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዋ ሳጥን መሳል ነው። ከባሕር ማዶ ፎቶ ይላካል፤ እነሱ በፎቶው ውስጥ ያለውን ነገር በአራት መስመር ከብበው ስሙን ይመርጣሉ። መኪና። ውሻ። ብስክሌት የምትገፋ ሴት። መሣሪያ እንደ ሕፃን ነው፤ ጣት ቀስረው «ይቺ ድመት ናት» ካላሉት ድመትን ከድስት አይለይም።

ባለፈው ዓመት አሮጌ ፎቶዎች መጡ። በቅድመ አያቶች ዘመን በመርከብ የመጡት ገዢዎች ባሕሩ ዳር የጨው ማምረቻ ነበራቸው። ሰዉን ከየመንደሩ ነድተው አስገቡ፤ ያስገቡትንም አንድ በአንድ ከነጭ ግድግዳ ፊት አቁመው ፎቶ አነሡ። ደረት ላይ ቁጥር የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ። ከፎቶው ጀርባ በቀጭን ብዕር የሥራ ዓይነት፦ ጨው ጫኝ፣ ተሸካሚ፣ አገልጋይ፣ እስረኛ። ሲሄዱ ምድሩን ትተው ፎቶውን ይዘው ሄዱ። አሁን የልጅ ልጆቻቸው ከመጋዘን አውጥተው መለሱት፤ መሣሪያው የዚህን ምድር ሰው ፊት እንዲለይ ይህን ያህል በሥርዓት የተነሣ ፎቶ ከሌላ ቦታ አልተገኘም ተባለ።

በፎቶዎቹ ሁሉ ላይ አንድ ነገር ነበር። በግራ ጠርዝ በኩል የአንድ ሰው ጣት ይታያል። አንዳንዱ ላይ ጣቱ ብቻ፣ አንዳንዱ ላይ ከነእጅጌው። «ወዲህ እይ» የሚል ጣት ነው። ስለዚህ ከተነሡት ሰዎች አንዱም ካሜራውን አያይም፤ ሁሉም ከሰሌዳው በታች እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ያንን ሰውዬ ያያሉ። ጭራሮ ሳምንት ሙሉ ካየችው በኋላ ጣቱ የአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ገባት። ጥፍሩ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ነበር።

ከጎኗ የሚቀመጡት ጋሼ ጸሐፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መቀመጥ ሰልችቷቸው የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ፎቶ ስክሪናቸው ላይ ሲወጣ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሡ።

«የሞተ ሰው ፊት በመስመር አይከበብም» አሉ። «ሣጥን ውስጥ ማስገባት ነው። እነዚህ አንዴ ተቀብረዋል።»

«ታዲያ ምን እናድርግ ጋሼ? ፎቶው ዝም ብሎ አይታለፍም እኮ።»

እውነትም አይታለፍም። አንድም ሳጥን ተስሎ ከአራቱ ሥራዎች አንዱ ይመረጣል፣ አለዚያም ከታች ያለው ቁልፍ ይጫናል። ቁልፉ «ሰው የለም» ይላል፤ ለባዶ መንገድና ለባዶ ክፍል ፎቶ ተብሎ የተሠራ ነው። ጋሼ ጸሐፊ እሱን ተጫኑና ለፎቶው በሹክሹክታ «ዕረፍ» አሉት።

የጨው ማምረቻው ፎቶ የደረሰው ጭራሮና ጋሼ ጸሐፊ ለሚቀመጡበት ረድፍ ብቻ ነበር። በረድፉ የሚቀመጡት ስድስት ሰዎች ሁሉ ደግሞ ዘራቸው ከጨው ማምረቻው የወጣ ነው፤ በከተማው ጠርዝ አንድ ሰፈር አላቸው፣ ጉንጫቸው ከፍ ያለ፣ ዓይናቸው ጠበብ ያለ፣ ከሩቅ የሚታወቁ ሰዎች። ማንም ሳያዝዛቸው ስድስቱም የጋሼ ጸሐፊን ልማድ ያዙ። ፎቶው ይመጣል፣ «ሰው የለም» ይጫናል፣ «ዕረፊ» ይባላል። አንዱን ፎቶ ሦስት ሰው እያየ ሁለቱ ከተስማሙ ያልፍ ስለነበር የጠየቃቸው የለም። ስምንት ወር ሙሉ ሙታኑን በዚህ መንገድ አሰናበቱ። ጥሩ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ልባቸው ቀለል ብሎ ነበር።

አንድ ቀን ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ጭራሮ ስክሪን ላይ ወጣች። ፎቶው ውስጥ የቆመችው እናቷ ነበረች። ያው ጉንጭ፣ ያው አንደኛው ከሌላው ትንሽ የሚያንስ ዓይን፣ ያው «ምን ትሆኑ» የሚል አገጭ። ከጀርባ «አገልጋይ» ይላል። እናቷ ሁልጊዜ «በሴት አያትሽ ወጣሽ ይሉኛል፤ ምን ዋጋ አለው፣ አላየኋት» ትል ነበር። ጭራሮ እንዳታለቅስ ከንፈሯን ነክሳ «ሰው የለም»ን ተጫነች። ከሁሉም በላይ ለዚያች ሴት ነበር «ዕረፊ» ያለችው፣ ከልቧ። ለእናቷ ግን አልነገረቻትም። እሷ ራሷ የወጣችው በአባቷ ነው፤ ሾጣጣ ፊት፣ ከሰፈሩ ማንንም የማይመስል። በሩም ያያት ለዚህ ነው።

አሁን፣ በክሊኒኩ ወንበር ላይ መታወቂያዋን ጨብጣ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠላት። መሣሪያው አልተሳሳተም። ያስተማሩትን ነው የያዘው። ያንን ጉንጭና ያንን ዓይን ባየ ቁጥር፣ ስድስት ሰው እየተፈራረቀ ሰው የለም፣ ሰው የለም ብሎታል።

*

ሰኞ አራተኛው «አልመጣችም» ከተመዘገበ በኋላ ጭራሮ ወደ ኃላፊያቸው ገባች። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሌላ መነጽር ስለሚያነብ ከጀርባው አራት ዓይናው ይሉታል። እስክትጨርስ አዳመጣትና መነጽሮቹን ቦታ አለዋወጣቸው።

«ለምን እንዲህ እንዳደረጋችሁ አልጠይቅም» አለ። «ለላይ ሰዎች ብነግራቸው ረድፉን በሙሉ ያባርራሉ። ፋይሉ እስከ ዓርብ ክፍት ነው። የሠራችሁትን ማረም ይቻላል። ዓርብ ማታ ይዘጋል፣ ሰኞ ጠዋት በሮቹ ሁሉ አዲሱን ትምህርት ይቀበላሉ።»

«አንድ ነገር ብቻ። ዝርዝሩ ላይ አምስተኛ ምርጫ ይጨመርልን።»

«ምን የሚል?»

«ሰው።»

አራት ዓይናው ሊስቅ ብሎ ተወው። «ዝርዝሩ የሚመጣው ከፎቶዎቹ ጋር ነው፣ ከድሮ። ጫኝ፣ ተሸካሚ፣ አገልጋይ፣ እስረኛ። ሰው ብቻ የሚል የለበትም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም ጠይቄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን።»

ከሥራ መልስ እናቷ አልጋ ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ አገኘቻት። ፊቷ አባብጦ ዓይኖቿ ጠበዋል። ጭራሮ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ ነገረቻት፤ ስለ ጨው ማምረቻው፣ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ስለ ጣቱና ሰዎቹ ስለ ቆሙበት አኳኋን ግን አላነሣችም። ያን መናገር ለምን እንደከበዳት ራሷም አላወቀችም።

እናት «ቆንጆ ናት?» አለች።

«አንቺን ነው የምትመስለው።»

«እንግዲያው ቆንጆ ናት።» ሳቋ መሀል ላይ በሳል ተቋረጠ። «ምን ብለው ጻፉባት?»

«አገልጋይ።»

«እና?»

«እና ያንን ልጽፍባት ነው? ለሁለተኛ ጊዜ? በራሴ እጅ?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔስ የሰው ቤት ጠርጌ አይደል ያሳደግሁሽ? እሷ አሁን ምን ቸገራት፣ ሞታለች።» እጇን ዘርግታ የጭራሮን ጉልበት ያዘች። የእጇ እብጠት ቀለበቷን ውጦታል። «በሕይወት ያለሁት እኔ ነኝ። ጻፊው። በሩ ይከፈት እንጂ የሚለኝን ይበለኝ።»

*

የሚያስቸግሩት ጋሼ ጸሐፊ እንደሚሆኑ ታውቅ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሰምተዋት ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላው ያለውን ስጽፍ ኖርሁ ልጄ። ሌባ ሲሉ ሌባ፣ ነፍሰ ገዳይ ሲሉ ነፍሰ ገዳይ። አንዴ እንኳ እምቢ ማለት አማረኝ። እምቢ ያልሁት ይኸን ብቻ ነው።»

«እናቴ ልትሞት ነው ጋሼ።»

ጋሼ ጸሐፊ ተነሥተው ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዱ። ጭራሮ ተከትላ እስከ ኮሪደሩ አፍ ደረሰች። ኮሪደሩ መስኮት የለውም፤ ሰው ሲገባ መብራቱ በራሱ ይበራል። ጋሼ ጸሐፊ ገቡ። አልበራም። በጨለማው ውስጥ በእጃቸው ግድግዳውን እየዳሰሱ፣ እንደለመደ ዓይነ ስውር ሳይደናቀፉ ሲሄዱ ኮቴያቸውን ሰማች። እሷ አንድ እግሯን ስታስገባ መብራቱ ቦግ አለ፤ ሽማግሌው ከመሀል ቆመው፣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። ጉንጫቸው ከፍ ያለ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ጎናቸው ተቀምጣ ይህን ከበሩ ነገር ጋር አላያያዘችውም ነበር።

«ይኸው ሦስት ሳምንቴ» አሉ።

«ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? አለሁ ብዬ ማመልከቻ ልጻፍ?» ግድግዳውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ድሮ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። ያኔ ቢያንስ ንጉሡ የት እንደሚቀመጥ እናውቅ ነበር።»

ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና መጀመሪያ የሰረዙትን ፎቶ ከፈቱ። ሳጥኑን ሲስሉ እጃቸው የጸሐፊ እጅ ነው፤ መስመሩ ፊቱን ሳይነካ፣ ሳይርቅም፣ ልክ ከጆሮው ሥር አለፈ። «ዕረፍ» አላሉም። «ይቅር በለን» አሉ፣ ከዚያም ተሸካሚ የሚለውን መረጡ።

ጭራሮ እናቷን ክሊኒክ ካደረሰችበት ሰዓት በቀር፣ አራት ቀን ስድስቱም ቀና ሳይሉ ሠሩ። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ፊት። ጭራሮ አራት መቶ አሥራ ሰባትን ለመጨረሻ አቆየቻት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከፈተቻት። የመጀመሪያውን መስመር ከግንባሯ በላይ፣ ሁለተኛውን በጉንጯ ጎን፣ ሦስተኛውን ከአገጯ ሥር፣ አራተኛውን ከጣቱ ወዲህ ሳበች። አራቱ መስመሮች ሲገጥሙ ትንሽ ድምፅ አለ፤ ሁልጊዜም ያለ ነው፣ ቀጭን የቀጭ ድምፅ፣ ጣራ ላይ አንድ የዝናብ ጠብታ እንደሚወድቅ። ያን ቀን ግን የሰማችው ከስክሪኑ አልመሰላትም። ከኋላዋ የመጣ መሰላት። ዞር አላለችም። አገልጋይ የሚለውን መረጠችና ኮቷን አንሥታ ወጣች።

*

ሰኞ ሰባተኛው ቀን ነበር። እናት ጫማ አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ፣ በየአሥር እርምጃው እየቆመች መጣች። ዘበኛው ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ።

«እትዬ፣ ዛሬም…» አለና ቀልዱን ዋጠው።

«ጨርሰው እንጂ» አለች እናት ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሰላምታዬን አታስቀርብኝ።»

ጭራሮ ወደ ጎን ቆመች። እናት ብቻዋን ከመስታወቱ ፊት ቀርባ ሻሿን ገፋ አደረገች። ጥቁሯ ዓይን አየቻት። ትንሿ ሰሌዳ በርታ አንድ ሰው ብላ ጻፈች፣ ጭራሮም እንባዋን መያዝ አቃታት።

መስታወቱ ግን አልተከፈተም።

«አንቺ» አለች የግድግዳዋ ድምፅ። ልስላሴዋ እንዳለ ነው፤ እንቅልፏ ግን ለቋታል። «በጓሮ በኩል።»

ከሕንፃው ጎን ብረት ከብረት ሲላቀቅ ተሰማ። ዘበኛው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «በጓሮ የተተከለው የድሮው በር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ለማን እንደሚከፈት ሳልጠይቅ ኖርሁ።»

«በር በር ነው» አለች እናት። «ገብቼ እተኛለሁ አይደል?» የልጇን ክንድ ይዛ ግድግዳ ግድግዳውን ዞረች። ጭራሮ ተከተለች።

የዛገው በር ገርበብ ብሎ ጠበቃቸው። ከኋላው አጭር መተላለፊያ ነበር፤ አንድ ባልዲ፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መወልወያ፣ ኮት መስቀያ። መጨረሻው ላይ ሌላ ዝግ በር አለ። ከበሩ ጎን ያለው ግድግዳ አዲስ ኖራ ተቀብቶ ነጭ ሆኗል፤ ከትይዩው ግድግዳ ላይ ሌላ ጥቁር ዓይን ታየዋለች።

እናት የጭራሮን ክንድ ለቀቀች። እየጎተተች የመጣችውን እግር ማንም ሳይላት አስተካክላ ወደ ነጩ ግድግዳ ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጠችውና ቆመች። ቦርሳዋን ከደረቷ አስጠጋች። ከቦርሳው በታች እጆቿን ሆዷ ላይ አጣመረች። አገጯ ቀና አለ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ? ነይ እንጂ።»

«ቆይ» አለች እናት፣ ከንፈሯ ብዙም ሳይነቃነቅ። «አትነቃነቂ ብሎኛል።»

«ማን?»

«ሰውዬው።»

የምታየው ጥቁሯን ዓይን አልነበረም። የምታየው ከጭራሮ በስተግራ፣ መስቀያው ወዳለበት ነው። ጭራሮ ዞር አለች። መወልወያው አለ፣ ባልዲው አለ። ሌላ ማንም የለም። ከኋላዋ ቀጭ የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ የውስጠኛው በር ተከፈተ። እናት ትከሻዋ ወርዶ፣ እግሯን እንደገና እየጎተተች፣ አልፋት ገባች።

ነርሷ መርፌውን ሰካችና በእጇ አፏን ይዛ መሣሪያውን ጠበቀች። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሃያ አለፈ። አልቆመም። አራቱንም ሰዓት ሠራ። ዝርዝሩ ላይ «መጥታለች» ተባለ። አልጋው የእናት ሆኖ ቀረ፣ እብጠቱም እየሟሸሸ ሄዶ በእጥበቱ ማብቂያ ላይ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ዞረላት።

ጭራሮ መግቢያው ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣ ደሙ ሲሄድና ሲመለስ ታያለች። እናት እንቅልፍ የወሰዳት መስሏት ነበር።

«ያ ሰውዬ» አለች እናት ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ጣቱን አይተሽዋል? ጥፍሩ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ነው። ምን መትቶት ይሆን?»

ጭራሮ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት። ረቡዕ ተመልሰው መምጣት አለባቸው።